የኋላ እግሯ የተንበረከከች መኪና

ለዛሬ ምርጫውንም ፓርቲውንም እናቆየውና ስለ አንዲት ያረጀች አሜሪካ ሠራሽ መኪና፣ ስለ ራሴም አለማወቅ ላውጋችሁ።

የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመኪናዬ የኋላ አሞርዛተሮች በአየር የሚደገፉ ናቸው። በተራው የዘይት አሞርዛተር ዙሪያ የጎማ ከረጢት አለ፤ ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ሲበዛ ከፍታ ለኪው መዝቀጧን ያውቅና አንድ ትንሽ ኮምፕሬሰር ከረጢቱን በአየር ይሞላዋል። ብልሃቱ አዲስ አይደለም። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ኤልዶራዶ ብሮም አራቱንም ጎማ በአየር ላይ አስቀምጦ ነበር፤ አየሩ እያፈሰሰ ስላስቸገረ ግን ብዙ ባለቤቶች በተራ ሞላ አስለወጡት።

የእኔዋም ማፍሰስ ከጀመረች ቆይታለች። ኮምፕሬሰሩ በየማለዳው ሲያጉረመርም እሰማለሁ፤ ድምፅ እስካለ ድረስ ሥራ አለ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። (እንዲህ ያለውን ማጽናኛ ከየትኛው መግለጫ እንደ ተማርሁት አንባቢ አያጣውም።) በመጨረሻ ዝም አለ፤ ያለ ፋታ ሲሠራ ተቃጥሎ ኖሯል። ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ከኋላ ተቀምጣ በየጉድጓዱ «ኧረ በእግዜር!» ማለት ጀመረች።

ለእጅ ሥራ ብቻ የተጠየቅሁት ገንዘብ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ስለ ሆነ ዕቃውን ገዝቼ በደጄ ልሠራው ቆረጥሁ። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብሁ። ማንበብ ሙያዬ ነውና የበቃኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ፣ ጎማውን አውልቄ፣ ጭንቅላቴን ከሥሯ ሳስገባ «ውጣ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ነበሩ፤ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱ፣ ዘወትር «ዶክተር፣ እንደምን አደሩ» የሚሉኝ ጨዋ ሰው። ያን ዕለት አንቱታው ቀርቶ ነበር። «በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ሰው ይገባል? ልጆችህን የምታሳድግ አይደለህም?»

ሁለት ካቫሌቶ ከቤታቸው አመጡ። ፊውዙን አስነቀሉኝ፤ የቀረውን አየር አስተነፈሱ። ጎማውን የሚይዘውን ክንድ በሌላ ክሪክ ደግፈው «አሞርዛተሩ ሲፈታ ይህ ወደ ታች ይወርዳል፤ የፍሬን ቱቦውን ይጎትትብሃል» አሉኝ። መመሪያው ጽፎት ነበር፤ አንብቤው አልፌዋለሁ። የዛገውን ቡሎን ዘይት አጠጥተው ሻይ እስክንጠጣ አቆዩት። አዲሶቹን አሞርዛተሮች ከገጠምን በኋላም የታችኛውን ቡሎን ወዲያው አላጠበቁትም፤ ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ የመያዣው ጎማ ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

«ይህን የት ተማሩት?» አልኋቸው። በአገር ቤት ለአሥራ ስምንት ዓመት የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። ከእኚህ ሰው ጋር ሰባት ዓመት በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ተቀምጠናል፤ እኔ ከመድረኩ፣ እርሳቸው ከኋላው ረድፍ። ከዚያ መድረክ ስለ ሰፊው ሕዝብ ያልተናገርሁት የለም። የእርሳቸውን ሙያ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

አዲሱን ኮምፕሬሰር ገጥመን በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀባን። በግራ በኩል አረፋ ብቅ አለ። ፈታነው፤ የቱቦው ጫፍ የጎማ ቀለበት ተጣሞ ነበር። በሁለተኛው አረፋ የለም፤ መኪናዋም ወገቧን ቀና አደረገች። እናቴን ከኋላ አስቀምጠን ሰፈሩን ዞርን።

ለድካማቸው ልክፈል ብል ተቆጡ። «ይልቅስ ዶክተር» አሉ፣ ወደ አንቱታቸው ተመልሰው፣ «እሑድ ስብሰባው ላይ እኔም የምናገረው አለኝ፤ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»