የቶነር ሰሌዳ በሲልቨር ስፕሪንግና በጋይንት

በምኖርበት በአሜሪካው ሲልቨር ስፕሪንግ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳን በሌዘር ፕሪንተር እቤት ውስጥ መሥራት የትርፍ ጊዜ ተድላ ብቻ ሆኗል፤ ንድፉን ወደ ቻይና ፋብሪካ የላከ ሰው በጥቂት ዶላር ያማሩ ሰሌዳዎች በፖስታ ስለሚደርሱት፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከመዳብ ጋር የሚታገለው ለፍቅረ ጥበብ ነው እንጂ ለኑሮው አይደለም። በጋይንትና በአካባቢው፣ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ፣ ሬዲዮና የፀሐይ መብራት ለሚጠግን ባለሙያ ግን፣ ከባሕር ማዶ የሚታዘዝ ሰሌዳ ድካሙ ከሚጠገነው ዕቃ ዋጋ ይበልጥበታል።

ቶነር የሚባለው የሌዘር ፕሪንተር ጸሊም ዱቄት ጥላሸት የተዋሐደው ፕላስቲክ ነውና በግለት ይቀልጣል። ስለዚህ ንድፉ ተገልብጦ በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ ከታተመ በኋላ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ከእጅ ወዝ በነጻ መዳብ ላይ ተደፍቶ በካውያ ሲተኮስ፣ ቶነሩ ወረቀቱን ትቶ መዳቡን ይይዛል፤ ወረቀቱም በውሃ ርሶ በአውራ ጣት ተፍቆ ሲለቅ፣ ፌሪክ ክሎራይድ ያልተሸፈነውን መዳብ በልቶ የተሸፈነውን መስመር ይተወዋል። ቀለሙ ፈሳሽ የሆነ ኢንክጄት ለዚህ አይረባም። የጋይንት ቤተልሔም ደቀ መዛሙርት ድጓቸውን በብራና የሚጽፉበት ቀለም ከጥላሸት የሚበጠበጥ መሆኑን ለሚያውቅ፣ ጥላሸት ለዚህም ተግባረ እድ መዋሉ እንግዳ አይሆንበትም።

እኔ የምተኩሰው በላሚኔተር ነው፤ ግለቱ እኩል ስለሆነ ቀጫጭን መስመር አያበላሽም። የአገር ቤቱ ባለሙያ ግን ፕሪንተሩን ከፎቶ ኮፒ ቤት፣ ካውያውን ከልብስ ሰፊው ያገኛል፤ የከሰል ካውያ ግለቱን መመጠን ቢያስቸግርም ክብደቱ ራሱ ስለሚጫንና መብራት ቢጠፋ ስለማይቆም፣ መስመሩ ወፈር ላለ ሰሌዳ ከእኔው መሣሪያ አያንስም ባይ ነኝ። ፌሪክ ክሎራይድ ከታጣ ደግሞ አቼቶ፣ ጨውና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተቀላቅለው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ይዘገያሉ እንጂ።

የሚያሳስበኝ ዝቃጩ ነው። መዳብ የበላው ፈሳሽ ዓሣ ይገድላል፤ እኔ ለአደገኛ ቆሻሻ ተቀባይ ወስጄ አስረክባለሁ፣ ወገዳ ያለችበት የስማዳ ጅረት ግን ወደ በሺሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። እዚያ የሚሠራ ሰው ፈሳሹን በፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅሞ አሮጌ ሚስማር ይጨምርበት፤ መዳቡ ቀይ ዱቄት ሆኖ በሚስማሩ ላይ ይሰፍራል። ቀሪውን አሲድነቱን በኖራ አብርዶ ከሲሚንቶ ጋር አቡክቶ ያድርቀው።