የዔሊ ፍርድ

ካህኑ ዔሊ ሐናን በሴሎ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ባየ ጊዜ የሰከረች መሰለችው፤ እርሷ ግን ልጅ ትለምን ነበር። እኔም እንደ ዔሊ ፈርጄ ነበር። ሴቶች የዘር ዕንቍላላቸውን በሐኪም አስወጥተው፥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ብርድ ለኋላ ዘመን ያስቀምጣሉ ሲባል ሰምቼ፥ «ደመወዝ ወደው ልጅ ናቁ» አልሁ።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም አብራኝ የተጓዘችው የእኅቴ ልጅ ግን፥ «የኔታ፥ ልጅስ እመኛለሁ፤ የመጣው ሁሉ ግን ትምህርቴን እንደ ድፍረት ቈጠረው። ዕድሜዬ ሳያልፍ ባስቀምጥ ኃጢአት ነውን?» አለችኝ። ፈጥኜ አልመለስሁላትም። እናቷን በልጅነቷ ሲድሯት ድግሱን ከበሉት አንዱ ነበርሁ፤ «ወደድሽን?» ያላት አልነበረም።

አሜሪካዊቱ ተመራማሪ ማርሻ ኢንሆርንም ከ150 የሚበልጡ ሴቶችን ጠይቀው በ2015 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የብዙዎቹ ምክንያት የሥራ ፍቅር ሳይሆን የሚስማማ ባል ማጣት መሆኑን ጽፈዋል። ብርዱም ዕንቍላሉን ከእርጅና ይጠብቃል እንጂ ለመውለድ ዋስ አይሆንም።

እንግዲህ አባቶች ሆይ፥ ሴቶች ልጆቻችንን አስተማርን፤ ወንዶቹንስ ለተማረች ሚስት ባልንጀራ እንዲሆኑ አሳድገናልን?

ዔሊ ስሕተቱን ባወቀ ጊዜ ሐናን መርቆ በሰላም አሰናበታት። እኔም የእኅቴን ልጅ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ መርቄ ተለየኋት።