ስንተኛ ወጣሽ?

የተላክሁት ስለ ቁጠባ እንድናገር ነበር። የምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ በአቅራቢያው ለሚገኝ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የቁጠባን ጥቅም የሚያስረዳ ሰው ሲፈልግ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። ገለጻው በአንድ ቀን አለቀ። የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ግን እስከ በሩ ሲሸኙኝ፣ «ገንዘብ እንዲያስቀምጡ ነግረዋቸዋል፤ ወዴት ሊደርሱበት እንደሚያስቀምጡስ ማን ይጠይቃቸው?» አሉኝ። በዚህች ጥያቄ ሳቢያ ተከታታይ አራት ቅዳሜዎችን ከ58 ልጆች ጋር አሳለፍሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቁራጭ ወረቀት አድዬ፣ «አንድ ጠንካራ ጎናችሁንና አንድ ግባችሁን ጻፉ» አልኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ራስን ማሞገስ ነውር ነው እየተባለ ለሚያድግ ልጅ፣ «በምን ጎበዝ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ወጥመድ ይመስላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እስክሪብቶዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀቶቹን ዘርግቼ ሳነብ ግን ከግማሽ የሚበልጡት ያው አንድ ዓይነት መልስ ነበራቸው፤ «4ኛ ወጥቻለሁ»፣ «ከ20 በታች ወርጄ አላውቅም»፣ «ደረጃዬን ባልጽፍስ?»። ይህ የመጨረሻው ልጅ የተጠየቀው ስለ ጥንካሬው ነበር፤ የደበቀው ግን ቁጥሩን ነው።

በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ነኝና ነገሩን በማውቀው ቋንቋ አሰብሁት። ደረጃ የምንዛሪ ተመን ነው፤ ሌላው ሲወጣና ሲወርድ አብሮ ይዋዥቃል። ጥንካሬ ግን ተቀማጭ ነው፤ ጎረቤት ቢያገኝም ቢያጣም ከደብተሩ ላይ አይቀነስም። አንድ ልጅ ከ3ኛ ወደ 6ኛ የሚወርደው ዕውቀቱ ስለ ጎደለ ላይሆን ይችላል፤ ሦስት ጎበዞች ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው መጥተው ይሆናል።

ከወረቀቶቹ አንዱ አሳቀኝ። የጻፈችው የክፍሉ 1ኛ ናት። «ጠንካራ ጎን» በሚለው ሥር «1ኛ ነኝ» ብላለች፤ «ግብ» በሚለው ሥር ደግሞ፣ «በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት 1ኛ አለመውጣት»። ቀልድ መሰለኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁና «ይህ ግብ አይደለም» ብዬ ጻፍሁበት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወረቀቶቹን መልሼላቸው ስለ ቅዱስ ያሬድና ስለ ትሉ ማውራት ጀመርሁ። ትምህርት አልገባ ብሎት ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ የሸሸው ብላቴና፣ ዛፍ ላይ ሊወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የተሳካለትን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ልጆቹ ራሳቸው ከአፌ ነጥቀው ጨረሱልኝ። ይኼኔ ያቺ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ትሉን ስንተኛ ወጣህ ያለው ሰው አለ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ልስቅ ጀምሬ መሐል ላይ ቀረሁ።

ሌሎቹ ሲወጡ አስቀርቼ ለምን እንደዚያ እንደ ጻፈች ጠየቅኋት። «ቤት ስገባ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ የለም፤ ስንት አመጣሽ ነው የሚሉኝ» አለች። «ጓደኛዬ 2ኛ ነበረች፤ አሁን ደብተሯን አታውሰኝም። ሥዕል ክበብ ልገባ ነበር፤ የምስለው አስቀያሚ ቢሆንስ ብዬ ተውሁት። 1ኛ የወጣ ልጅ የማይችለው ነገር መኖር የለበትም አይደል?»

ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በአሜሪካ የ5ኛ ክፍል ልጆችን አጥንተው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ብልህ ናችሁ ተብለው የተመሰገኑት ልጆች ስለ ጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ብልህነታቸውን የሚያሳይላቸውን ሥራ እንደሚመርጡ፣ ሽንፈት ሲገጥማቸውም ቶሎ ተስፋ እንደሚቆርጡ አሳይተዋል። ይህን ካነበብሁ ዓመታት አልፈዋል። ያነበብሁት ነገር ወረቀት ይዞ ፊቴ ሲቆም ግን አላወቅሁትም፤ በቀይ አረምሁት።

ያን ዕለት ማታ የራሴ 8ኛ ክፍል ትዝ አለኝ። ለሚኒስትሪ ፈተና ስዘጋጅ ግጥም የምጽፈው በሒሳብ ደብተሬ የጀርባ ገጽ ላይ ነበር፤ እዚያ ማንም አያርመኝም። ከፊተኛው ገጽ ዛሬ የማስታውሰው የለም። ከጀርባው ግን ሁለት ሦስት የሚያሳፍሩኝን እስካሁን በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጥያቄውን ለወጥሁት፤ «ማንም ሳያዝዛችሁ፣ ውጤት ሳይሰጣችሁ የምትሠሩት ምንድን ነው?» አሁን የወረቀቱ ቦታ አልበቃቸውም። አንዷ የሠፈሩን ሕፃናት ፀጉር ትሠራለች። አንዱ የተበላሸ የስልክ ቻርጀር ይጠግናል። ደረጃውን የደበቀው ልጅ፣ «ልጆች ሲጣሉ እኔ ነኝ የማስታርቀው» ብሏል።

ግባቸውንም ቀንና ቦታ እንዲያበጁለት ነገርኋቸው። «ጎበዝ እሆናለሁ» ምኞት ነው። «ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ ግማሽ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እቀመጣለሁ» የሚለው ግን ማክሰኞ ሲደርስ ባለቤቱን ይጠራዋል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘርም በ1999 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው፤ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚፈጸም አስቀድሞ የተወሰነለት ሐሳብ የመፈጸም ዕድሉ ይበልጣል።

በመጨረሻው ቅዳሜ ልጅቱ ያንኑ የቀድሞውን ወረቀት አመጣችልኝ። «1ኛ ነኝ» የሚለውን ሰርዛ ከጎኑ «እየፈለግሁ ነው» ብላለች። ከቀዩ ጽሑፌ በታች ደግሞ እንዲህ የሚል ነበረ፤ «ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሥዕል ክበብ እገባለሁ። የሳልሁት አስቀያሚ ከሆነ መጀመሪያ ለጓደኛዬ አሳያታለሁ።»

ከሥሩ ለእርማት የሚሆን ቦታ ትታልኝ ነበር። ምንም ሳልጽፍበት መለስሁላት።