ሽማግሌ ልታስቀር የነበረች ቁጥር

እናንተዬ፣ ፍቅረኞች በቅናት ሲጣሉ አይቻለሁ፣ በገንዘብም አይቻለሁ። በወረቀት ላይ በታተመች አንዲት ቁጥር ምክንያት ሲለያዩ ግን ዘንድሮ ላይ ነበር!

እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ። ጓደኛዬ የቡራዩ፣ እጮኛው የሱሉልታ። የእጮኛው አክስት አሜሪካ ስትሄድ አንድ የምኒልክ ብር ይዛ ሄዳ ነበር። የአያትየው አያት ዓድዋ ከመዝመታቸው በፊት ያገኙት ነው ይባላል። አክስትየው እዚያ ለሳንቲም መርማሪ ድርጅት ሰጠችው። እነዚህ ድርጅቶች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ሐሰተኛ አለመሆኑን ያጣራሉ፣ ለይዞታው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ዓመቱን በወረቀት ጽፈው ከብሩ ጋር በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ጓደኛዬ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ "ለእማማ አድርስልኝ" ብላ ሰጠችው።

ጉዱ የመጣው ሽማግሌ ሊላክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ወረቀቱ 1889 ይላል። ዓድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888! ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ብር ከጦርነቱ በፊት እንዴት ይገኛል? የልጅቷ አጎት ፈረዱ፤ "መንገድ ላይ ለውጦታል። ለሌባ ልጃችንን አንድርም።" የማሸጊያውን ቁጥር በኢንተርኔት አስፈተሹ፤ እዚያም 1889። "ይኸው!" አሉ። ወረቀቱም ኢንተርኔቱም የተቀዱት ከአንድ መዝገብ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ልጅቷ ማልቀስ፣ ልጁ ስልኩን ማጥፋት ሆነ።

ብሩን ተቀብዬ መስኮት ዳር ወሰድኩት። ዓመቱ የተቀረጸው በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፲፰፻፹፯። ሰባት እኮ ነው! ፯ እና ፱ ለእኛም ዓይን ይመሳሰላሉ፣ ለፈረንጅማ አይነሣ። ደግሞ በ1887ም በ1889ም ፓሪስ ውስጥ የምኒልክ ብር ስለተመታ፣ ስህተቱን ማንም አይጠረጥርም።

የአገራችን ሳንቲም ዕጣው ይሄ ነው። የጃንሆይ ሳንቲሞች ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ እንዲሁ 1936 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ የውጭ ሰው ጃንሆይ የተሰደዱበት ዓመት ይመስለዋል። በፈረንጅ ግን ከ1943 እስከ 1944 ያለው ነው፤ ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ።

እና ቤታችሁ እንዲህ ያለ የታሸገ ነገር ከመጣ፣ ከወረቀቱ በፊት ብሩን አንብቡ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለጽሕፈት ስህተት ዋስትና አይሰጡም፤ ሲመለስላቸው ግን ወረቀቱን ያርማሉ።

አጎትየው በስልክ ፎቶ አንሥቼ አጉልቼ ባሳያቸው "እህ" ብለው ዝም አሉ። ሽማግሌው ሄደ። ልጅቷ አሁን የምትጠይቀኝ "ሌባ ያለውን ሰው ሠርጌ ላይ ላስቀምጠው ወይ?" እያለች ነው። እኔ ይቀመጡ ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ ግን ልጁን ይቅርታ ይጠይቁት። እስካሁን አልጠየቁም። ወረቀቱም አልታረመም፤ ብሩ አሜሪካ ይመለስ ሲባል እማማ "ሁለተኛ ከቤት አይወጣም" ብለዋል።