ከጳፉ እስከ ስልማና፦ የቆጵሮስ የባሕር ዳር መንገድ

የሐዋርያት ሥራ በ13ኛው ምዕራፍ፣ በርናባስና ሳውል በስልማና ወርደው ደሴተ ቆጵሮስን እስከ ጳፉ ማዳረሳቸውን ሲናገር፣ የመንገዱን ነገር በአንዲት ሐረግ ብቻ ያልፈዋል። ስንት ቀን ሄዱ? ከማን ቤት ዐደሩ? ምን በሉ? ቅዱስ ሉቃስ ከዚህ የሚበልጥ የሚጽፈው ነገር ስለ ነበረው ዝም ብሏል። እኛና ባለቤታችን ግን የሚያስቸኩለን ጉዳይ ስላልነበረ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በሐምሌ ወር፣ ጾመ ሐዋርያት ተፈትቶ ጾመ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ያችን አንዲት ሐረግ በስድስት ቀን በአውቶሞቢል ሄድናት። አውሮፕላኑ ያወረደን በጳፉ ስለ ሆነ፣ የተጓዝነው ሐዋርያት ከጨረሱበት ወደ ጀመሩበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ቆጵሮስ በሜዲትራንያን ባሕር ካሉት ደሴቶች በስፋት ሦስተኛዪቱ ናት። ከ1878 እስከ 1960 በእንግሊዞች እጅ ስለ ነበረች መኪና የሚነዳው በመንገዱ በግራ በኩል ነው። የኪራይ መኪናዎች ሰሌዳ ቀይ በመሆኑ፣ የአገሩ ሰው እንግዳ መሆናችንን ከሩቅ እያወቀ በትዕግሥት ያሳልፈን ነበር። ከጳፉ እስከ ስልማና ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአዲሱ አውራ ጎዳና የሚከንፍ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እኛ በተቻለን መጠን አሮጌውን የባሕር ዳር መንገድ ያዝን፤ ፀሐይዋ እንደ አፋር በረሃ የምታቃጥል ስለ ሆነች ማለዳና ማታ እየተጓዝን፣ ቀትሩን በወይን ዳስ ጥላ ሥር እናሳልፈው ነበር።

ጳፉ ዛሬ የመርከበኞችና የጐብኚዎች ከተማ ናት። አገረ ገዡ ሰርግዮስ ጳውሎስ ያመነባት፣ ጠንቋዩ ኤልማስ የታወረባት፣ ሳውልም ጳውሎስ በሚለው ስሙ መጠራት የጀመረባት ይህች ናት። በ1962 መሬት ሲታረስ በድንገት የተገኙት፣ በኅብረ ቀለም ጠጠር የተሣሉት የሮማውያን አዳራሾች ወለሎች የብዙ ሰው ዓይን ይስባሉ፤ የአረማውያን አማልክት ግብዣ ግን ቶሎ አሰለቸን። ብዙ የቆየነው በቅድስት ኪርያኪ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። በዚያ በፈረሰው ጥንታዊ ካቴድራል ዓምዶች መካከል አንድ አጭር የድንጋይ ምሰሶ ቆሟል። ቅዱስ ጳውሎስ በእርሱ ላይ ታስሮ 39 ጅራፍ ተገረፈ ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ሉቃስ ይህን አልጻፈም፤ ሐዋርያው ራሱ ግን እንዲህ ያለውን ግርፋት አምስት ጊዜ መቀበሉን ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ገለጠ፣ ባለቤታችን ምሰሶውን በእጃቸው ዳስሰው ተሳለሙ።

ከጳፉ ወጥተን የግሪክ ተረት አፍሮዲት ከአረፋ ተወለደችበት የሚለውን ቋጥኝ ሳንወርድ አለፍነው። ወደ ኩርዮን ስንደርስ ግን መኪናውን አቆምን። ከገደል አፋፍ ላይ የተሠራ የድንጋይ ቴአትር አለ፤ ከላይኛው ደረጃ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ባሕርና ሰማይ እንጂ ሌላ አያይም። ይህች ከተማ በ365 ገደማ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደመች። ከዘመናት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ የጥንት ነገር መርማሪዎች አንድ የፈረሰ ቤት ሲቈፍሩ የሦስት ሰዎች ዐፅም አገኙ፦ ሕፃን፣ ሕፃኑን ያቀፈች ወጣት እናት፣ በላያቸውም ተደፍቶ በገላው ሊከልላቸው የሞከረ ወጣት አባት። በዚያው ቍፋሮ የክርስቶስ ስም የመጀመሪያ ሁለት የግሪክ ፊደላት የተቀረጹበት የነሐስ ቀለበት ተገኘ። ኤጲስቆጲ በምትባለው በአጠገቡ ባለች መንደር ቤተ መዘክር ይህ ቤተሰብ በተገኘበት አኳኋን ይታያል። በትዳር 18 ዓመት የቆየን ሁለት ሰዎች በዚያ ቆመን የተናገርነው ቃል አልነበረም። በኋላ መኪና ውስጥ ባለቤታችን፣ «እጁን ከላይዋ አላነሣም እኮ» አሉ፤ ሊማሶል እስክንደርስም ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ሊማሶል የንግድ ከተማ ናት፤ አንድ ሌሊት በቃን። ዕለቱ ረቡዕ ነበረና በአንዲት የባሕር ዳር ምግብ ቤት ጾመኞች መሆናችንን ስንነግራቸው፣ የቤቱ ባለቤት ማስረዳት ሳያሻን ገባቸው። የታወቀውን የአገሩን አይብ ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ከጐመን ጋር የተቀቀለ የአደንጓሬ ዓይነት እህል በወይራ ዘይትና በሎሚ አቀረቡልን። ረቡዕና ዓርብን የሚያውቅ ባዕድ አገር ሰውን ፈጽሞ ባዕድ አያደርገውም።

በላርናካ ሦስት ሌሊት ዐደርን። ጌታ ከሞት ያስነሣው አልዓዛር ኋላ የዚህች ከተማ የመጀመሪያ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ፣ ሁለተኛውን ሞት በዚህ እንደ ሞተ ይነገራል። መቃብሩ በ890 ተገኝቶ፣ ንጉሠ ነገሥት ሌዎን 6ኛ ዐፅሙን ወደ ቍስጥንጥንያ አፍልሶ፣ በመቃብሩ ላይ የዛሬውን ቤተ ክርስቲያን አሠራ። በ1972 ከመንበሩ ሥር በዕብነ በረድ ሣጥን ውስጥ ዐፅም ስለ ተገኘ፣ ሁሉም እንዳልተወሰደ ሕዝቡ ያምናል። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከነዚህ ክርስቲያኖች ጋር የቍርባን አንድነት የለንም፤ የሠርኩን ጸሎት ግን በአንድ ጥግ ቆመን ሰማን። ከከተማው ዳር ያለው የጨው ሐይቅ በበጋ ደርቆ እንደ አመዳይ ነጥቶ ነበር። አልዓዛር ወይን ለምኗት የከለከለችው ሴት የወይን ቦታ ነው ብለው ልጆችን ልግስና ያስተምሩበታል።

ያከራዩን ባልቴት የፋማጉስታ ተወላጅ ናቸው። በ1974 የቱርክ ጦር ሲገባ፣ ገና ኮረዳ ሳሉ፣ ከወላጆቻቸው ጋር በለበሱት ልብስ ሸሹ። ደሴቲቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለሁለት ተከፍላ፣ በመካከሏ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች የሚጠብቁት 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ቀጠና ተዘርግቷል። ከ2003 ወዲህ መተላለፊያዎች ቢከፈቱም፣ እርሳቸው አንድ ጊዜም አልተሻገሩም። «ወደ ተወለድሁበት ከተማ ፓስፖርት አሳይቼ አልገባም» አሉን።

ስልማና ያለችው በዚያ ማዶ ነው። ይህን ቃል ከሰማን በኋላ መሻገሩ ከበደን። በሌላ በኩል የስልማና ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ኤጲፋንዮስ ነው፤ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራ፣ እኛም በልጅነታችን በዲቁና ስናገለግል ስሙን ሳንሰማ ያደግንበት ጊዜ የለም። ሌሊቱን ተመካክረን ስናነጋ፣ ለባልቴቲቱ ሳንደብቅ ነገርናቸው። አልተቈጡም። ከሥዕላቸው ሥር አንዲት ጧፍ አውጥተው ለባለቤታችን ሰጧቸውና፣ «ለበርናባስ» አሉ።

በ2018 በተከፈተው በዴሪንያ በር ፓስፖርታችንን አሳይተን፣ ለመኪናው ሌላ የመድን ወረቀት ገዝተን ገባን። በቀኝ በኩል ቫሮሻ የተባለው የፋማጉስታ ሰፈር ይታያል፤ ከ2020 ጀምሮ ጥቂት መንገዶቹ ለጐብኚ ቢከፈቱም፣ በባሕሩ ዳር የተደረደሩት ፎቆች መስኮት የሌላቸው ባዶ ቤቶች ናቸው። ባልቴቲቱ የነገሩን ቤት ከነዚህ ወደ አንዱ አጠገብ መሆን አለበት፤ የቱ እንደ ሆነ ግን ለይተን ለማወቅ አልቻልንም።

የስልማና ፍርስራሽ ከባሕሩ ጋር ይዋሰናል። ጐብኚዎች የዕብነ በረዱን ዓምዶችና ራሳቸው የተቈረጠ ሐውልቶችን ከብበው ስለ ነበር፣ ኤጲፋንዮስ ወዳሠራው ካቴድራል ስንደርስ ብቻችንን ነበርን። ጣራ የለውም፤ ጉልበት የሚያህል ግድግዳ፣ የዓምድ ጕራጅና ደረቅ ሣር ነው። አባታችን ከ367 ጀምሮ እዚህ ተሾሞ፣ በ403 ከቍስጥንጥንያ ሲመለስ በመርከብ ላይ ዐረፈ። መቅደሱ በነበረበት በኩል ወደ ምሥራቅ ዞረን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ የቅዳሴውን መጀመሪያ ከትዝታ በግእዝ አደረስን። ባለቤታችን በሕዝቡ ምላሽ ተቀበሉን። ከሁለታችን በቀር የሰማ ቢኖር እንሽላሊት ነው።

የበርናባስ ገዳም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወንድማማቾች የሆኑ ሦስት መነኮሳት እስከ 1976 ኖረውበት ከወጡ በኋላ ቤተ መዘክር ሆኗል። የሐዋርያው መቃብር በአጠገቡ ካለች ትንሽ ቤት ውስጥ፣ በደረጃ ወደ ታች የሚወረድበት ዋሻ ነው። ቦታው በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲገኝ፣ የማቴዎስ ወንጌል በደረቱ ላይ ነበር ይባላል፤ በዚሁ ምክንያት ንጉሠ ነገሥት ዘይኖን ለቆጵሮስ ሊቀ ጳጳስ በቀይ ቀለም የመፈረም መብት ሰጠ፤ እስከ ዛሬም በቀይ ይፈርማል። በዋሻው ውስጥ ሰዎች የተዉአቸው ትንንሽ ሥዕሎችና የቀለጠ ሰም ነበሩ። ባለቤታችን የባልቴቲቱን ጧፍ ከቦርሳቸው አውጥተው ለኰሱና በአሸዋው ውስጥ አቆሟት። በመንገድ ሙቀት ጥቂት ጐብጣ ስለ ነበር፣ ቀጥ ብላ እስክትቆም ድረስ ደጋግመው አስተካከሏት።