ያልተነካ የሚመስል ውኃ

የአኳሪየም ዕፅዋት እንደገና የሚተከሉበት ቀን ቤቱ የሚያምርበት ቀን አይደለም። ወለሉ ላይ አሮጌ ፎጣ ተነጥፏል። አንደኛው ባልዲ ውስጥ ዓሣዎቹ ክዳን ተደርጎባቸው ይጠብቃሉ፤ ሁለተኛው ውስጥ የተነቀለው ቅጠል ተከምሯል። ትናንት ጠርቶ ያደረው ውኃ ዛሬ አተላ መስሏል። ባለቤቱ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ በረጅም ወረንጦ አንዲት ቀጭን ግንድ አሸዋው ውስጥ ይሰካል፤ ተንሳፍፋ ትወጣለች፤ መልሶ ይሰካታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣው እንግዳ ከዚህ አንዱንም አያይም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ “ማንም ያልነካው ወንዝ ይመስላል” ይላል።

ማንም ያልነካው ውኃ የቆየ ምኞት ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1850 ለኬሚስቶች ማኅበር ያቀረበው ጽሑፍ ከዚሁ ምኞት የተነሣ ነበር። በመስታወት ዕቃ ውስጥ አሸዋና ጭቃ አነጠፈ፤ ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ረጅም ሣር መሰል የውኃ ተክል ተከለ፤ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሣዎች ለቀቀበት። ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፣ ተክሉ ደግሞ ኦክስጅን ይመልሳል፤ ስለዚህ ውኃው ሳይቀየር ይኖራል የሚል ስሌት ነበረው።

መጀመሪያ ላይ ሰመረለት። ብዙም ሳይቆይ ግን የቫሊስኔሪያው አሮጌ ቅጠሎች በሰበሱ፣ ውኃው ደፈረሰ፣ መስታወቱን አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ለበሰው። መፍትሔው ቀንድ አውጣ ሆነ። ዋሪንግተን የጨመራቸው ቀንድ አውጣዎች የበሰበሰውን ቅጠልና አረንጓዴውን ልባስ እየበሉ ውኃውን አጠሩት፤ እንቁላላቸውም ለዓሣዎቹ ቀለብ ሆነ። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወደሱት ተክሉና ዓሣው ናቸው። ዕቃውን ከመበስበስ ያተረፈው ግን ሦስተኛው ነበር፤ የሞተውን የሚያነሣው።

ይህ ሦስተኛ ወገን ዛሬም በእያንዳንዱ አኳሪየም ውስጥ ይፈለጋል። በተለይ በመትከያው ሰሞን።

ከሱቅ የሚገዛው የውኃ ተክል አብዛኛውን ጊዜ ያደገው ውኃ ውስጥ አይደለም። እንደ ዴንማርኩ ትሮፒካ ያሉ አብቃዮች ችግኙን በግሪን ሃውስ የሚያሳድጉት ሥሩን አርጥበው ቅጠሉን አየር ላይ አድርገው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ፍጥነት ውኃ ውስጥ ካለው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። አየር ላይ ያለ ተክል ምግቡን እንደ ልቡ ያገኛል፤ አልጌ የሚባለው ያ አረንጓዴ ልባስም አይጣበቅበትም። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ ውኃ ውስጥ ሲያጠልቀው ግን ለአየር የተሠራው ወፍራም ቅጠል አይጠቅመውም። ተክሉ አሮጌውን ጥሎ ስስ የሆነ አዲስ ቅጠል ማውጣት አለበት።

ክሪፕቶኮሪን በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። ከደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ጅረቶች የመጣው ይህ ተክል ቦታው ወይም ውኃው ሲቀየርበት ቅጠሉ እንደ ረጠበ ላስቲክ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሟሟል። ጀማሪ አትክልተኛ “ሞተ” ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ሥሩ ግን በሕይወት አለ። የሟሟውን ቅጠል ቆርጦ አውጥቶ ሦስትና አራት ሳምንት የታገሠ ሰው ከአሸዋው መሐል ተጠቅልላ የምትወጣ አዲስ ቅጠል ያያል። ከሳምንት ሳምንት “እዚህ ይሻላል፣ እዚያ ይሻላል” እያለ የሚያዛውረው ሰው ግን ያችን ቅጠል ሳያያት ይቀራል፤ ተክሉ በተነቀለ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራልና። ችግኝ አፍልቶ የሚያዛምት ገበሬ በዚህ አይደነቅም። መጠውለጉን ከመጀመሪያውም በሒሳቡ አስገብቶታል።

ሁሉም ተክል ግን እንደ ክሪፕቶኮሪን በእጅ መነካትን አይጠላም። ሮታላና ሉድዊጂያን የመሳሰሉት ባለ ረጅም ግንዶች ካልተቆረጡ ያስቀይማሉ። አናታቸው ብርሃኑን ሲሻማ ሥራቸው ጥላ ውስጥ ይቀርና ይመለጣል። እነዚህ እንደ ስኳር ድንች ሐረግ ናቸው። ለምለሙ አናት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል፣ የታችኞቹ ጥቂት ቅጠሎች ይራገፋሉ፣ ቁራጩ ሰያፍ ሆኖ አሸዋው ውስጥ ይሰካል፤ አንጓው ላይ ሥር ያበቅላል። የተመለጠው የታችኛው ግንድ ይነቀላል።

አኑቢያስ ደግሞ ሌላ ዓመል አለው። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ጅረቶች ተወላጅ የሆነው ይህ ተክል እንደ ዝንጅብል አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው። ግንዱን አሸዋ ውስጥ የቀበረ ሰው ያበሰብሰዋል። በክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ታስሮ ሲቀመጥ ግን ሥሩ ራሱ ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል፤ ክሩ ሲያልቅም አይነቃነቅም።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁሉንም በአንድ ቀን አይነቅሉም። አሸዋው ሥር ለወራት የተጠራቀመ የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ አለ፤ ሥሩ በኃይል ሲሳብ ያ ሁሉ አሞኒያውን ይዞ ውኃው ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ አንድ ጥግ ዛሬ፣ ሌላው ጥግ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሆናል፤ በተነካ ቁጥርም የውኃው ግማሽ ያህል ይቀየራል።

በዚያ ግርግር መሐል ነው ትልቁ ስሕተት የሚሠራው። እጅ አንዴ ከረጠበ ወዲህ “ማጣሪያውንም ልጠበው” ማለት ቀላል ነው። ስፖንጁ ቧንቧ ሥር ገብቶ እስኪነጣ ይታሻል። ዓሣ የሚያስወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ተክል በደህና ወደሚበላው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውኃው ውስጥ ሳይሆን እዚያ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ አኳሪየም እነሱን ለማፍራት ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ስፖንጁን በክሎሪን ውኃ ማጠብ ቡሃቃውን ለማጽዳት ብሎ እርሾውን እንደ መድፋት ነው። ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃዋል።

ክሎሪኑ ራሱ ከአገር አገር ይለያያል። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው በጀሪካን ማጠራቀም ልማዱ ነው፤ አፉ ተከፍቶ አንድ ሁለት ቀን የቆየ ውኃ ክሎሪኑ በንኖ ይሄዳል። ዋሽንግተን የሚኖር ወገኑ ግን በዚያ ልማድ ቢተማመን ዓሣውን ይጎዳል። የዚያ ከተማ ውኃ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የሚታከመው ክሎራሚን በሚባለው ውሕድ ነው፤ ክሎራሚን እንዲሁ በማስቀመጥ አይበንንም። ክሎሪን ማርከሻው ጠብታ የግድ ይሆናል።

ስለ አልጌ ሲወራ የጃፓኑ ታካሺ አማኖ ስም መነሣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1954 ኒጋታ የተወለደው አማኖ የብስክሌት ተወዳዳሪና የደን ፎቶ አንሺ ነበር። የአማዞንን፣ የቦርኔዎንና የምዕራብ አፍሪካን ደኖች በትልልቅ ካሜራ እያነሣ ያየውን ወደ መስታወት ገንዳ አመጣ። አልጌን በመድኃኒት ከማጥፋት ይልቅ የሚበላውን ፈለገለት። ዛሬ በስሙ የምትጠራው ሽሪምፕ በእሱ ምክንያት ከጃፓን ወንዝ ወጥታ በዓለም አኳሪየሞች ተሠራጨች። የዋሪንግተን ቀንድ አውጣ ሥራ በሌላ እግር ቀጠለ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ የዚህች ሽሪምፕ ግልገል የሚያድገው ጨው ባለበት ውኃ በመሆኑ ባለቤቷን በልጆች ብዛት አታስጨንቅም።

ሽሪምፕ ግን ብቻዋን አትችለውም። ብዙው አልጌ የሚመጣው ከመብራት ነው። አዲስ በተተከለ አኳሪየም ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አምፖል የሚያበራ ሰው ገና ሥር ያልሰደደው ተክል ሊጠቀምበት ያልቻለውን ብርሃን ለአልጌ እየመገበ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስድስት ሰዓት ይበቃል።

የአማኖ የመጨረሻው ትልቅ ሥራ ሊዝበን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በከተማዋ ውቅያኖስ ማሳያ ውስጥ የተከፈተው ገንዳ 40 ሜትር ይረዝማል፤ 160,000 ሊትር ውኃ ይይዛል። ከአዞሬስ ደሴቶች የመጣ 25 ቶን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ 46 ዓይነት የውኃ ተክልና አሥር ሺህ ያህል ዓሣዎች አሉበት። አማኖ በዚያው ዓመት በነሐሴ አረፈ። ተመልካቹ ጨለም ባለው አዳራሽ ተቀምጦ ለዘመናት እጅ ያልነካው የሚመስለውን ደን ያያል። ይህ መልክ የሚቆየው ግን ሠራተኞች የመጥለቂያ ልብስ ለብሰው እየገቡ፣ በመቀስ እየቆረጡና እየለቀሙ ስለሚያወጡት ነው።

ቤት ውስጥ የተቆረጠው ደግሞ ባልዲ ሙሉ ሆኖ ቁጭ ይላል። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ወደ ወንዙ፣ ሌላው ወደ ፍሳሽ ቦይ ሊደፋው ይቃጣዋል፤ “ተክል አይደል፣ ምን ይጎዳል” ብሎ። የጣናን ዳርቻ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው በሐምራዊ አበባው ውበት ምክንያት ሰዎች ለኩሬያቸው ማስጌጫ እየወሰዱት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ቆቃ ላይ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየነቀለ ሲያወጣው ኖሯል።

ስለዚህ የባልዲው ቅጠል በረንዳው ላይ ቆርቆሮ ተነጥፎለት ድርቅ እስኪል ፀሐይ ይመታዋል። ናይትሬት ያዘለው አሮጌ ውኃ የጥብስ ቅጠሉ ሥር ይፈስሳል። ዓሣዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ፎጣው ይጨመቃል፤ መብራቱ ዛሬ ቀደም ብሎ ይጠፋል። ውኃው ገና አልጠራም። በጨለማው ሽሪምፖቹ ከድንጋዩ ሥር ይወጡና፣ አመሻሽ ላይ ከተተከለችው ግንድ የረገፈችውን ቅጠል ወደ ጥግ መጎተት ይጀምራሉ።