ደሚራ

ሚያዝያ 2015 ካርቱም በጦርነት ስትናወጥ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና፣ «እማዬ፣ ያኔ የኖርሽባት ከተማ ይቺ ናት?» አለኝ። በጭሱ መሃል ዓይኔ የፈለገው ድልድዩን ነበር።

ካርቱምን ከወንዙ ማዶ ካለችው ከባሕሪ የሚያገናኘው የብረት ድልድይ ነው፤ እንግሊዞች በ1909 እ.ኤ.አ. ሠርተው የጨረሱት። የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በመተማ ወጥቼ ገዳሪፍ ከከረምኩ በኋላ፣ ካርቱም ዴም ሰፈር ከአራት ያገሬ ልጆች ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እንጀራዬ ግን ማዶ ነው፤ ባሕሪ፣ አንዲት ሐጃ ቤት። የአውቶቡስ ሳንቲም ለማትረፍ ድልድዩን በእግሬ እሻገራለሁ። ግራና ቀኙ በሦስት ማዕዘን የተጠላለፈ፣ በድብልብል ችንካር የተሰፋ ብረት ነው፤ ባቡር ሲመጣ ብረቱ ቀድሞ ይነግረኛል። መዳፌን አሳርፌበት መንቀጥቀጡ እስከ ክርኔ ሲወጣ እጠብቃለሁ። ዝገት፣ ናፍጣ፣ ከታች ደግሞ የዓሣ ሽታ።

ከሥሬ የሚፈሰው ዓባይ መሆኑን ማን ያስረሳኛል! በጋ ላይ ጠርቶ ዝም ይላል፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ካርቱም ላይ ጠብታ ሳይወርድ ይደፈርሳል፣ ያብጣል። ሱዳኖች ደሚራ ይሉታል። እኔ ደግሞ ጎጃም መዝነቡን ከዚያ አውቅ ነበር፤ ደብዳቤ በማይደርስበት በዚያ ዘመን ከአገር የሚመጣልኝ ወሬ እሱ ብቻ ነበር። እናቴ ቤት የማይበረክት ሰው ስታይ፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ትል ነበር። አንድ ጧት ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ አየሁ። ከየት እንደተነቀለ እንጃ፤ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሥራም አረፈድኩ።

በ1980 ክረምት ያ ከባድ ዝናብ ካርቱምን ሲያጥለቀልቃት የእኛም ግድግዳ ተናደ። ፍራሻችንን በራሳችን ተሸክመን አምስታችንም ድልድዩን ተሻገርን። ሐጃ በር ላይ ሲያዩን አንድ ቃል አልጠየቁንም፤ የምንተኛበትን አሳዩን።

የቧንቧው ውሃ ጭቃ ስለነበር ዚር በሚሉት የሸክላ ጋን አጥልለን ነበር የምንጠጣው። አንድ ቀን ባዶውን ጋን ላጥብ ጎንበስ ስል፣ ከሥሩ ጣት የሚያሰምጥ ለስላሳ ዝቃጭ ተኝቷል። መንገድ ላይ ልደፋው ስነሳ ሐጃ ክንዴን ያዙኝ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ያገርሽ አፈር እኮ ነው፤ ሰው አይርገጠው።»

ግቢያቸው ካለችው የሎሚ ዛፍ ሥር ይዘን ሄድን፤ በእጄ እየዛቅሁ አፈሰስኩት። አዲስ የታረሰ ማሳ ይሸት ነበር። ያን ቀን እጄን ሳልታጠብ ዋልኩ።